ያገለገለ መኪና ጭስ ሲያበዛ፦ በደብረ ብርሃን ብርድና በጣርማበር ዳገት ሞተርን መመርመር

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ግብር ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወሩ ዕድሜያቸውን መግፋታቸው የማይቀር ሆኗል። በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋሮቢት ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ ለሽያጭ ቀርቦ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዋጋውም ቢሆን የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ከቀለም ቅቡና ከወንበር ልብሱ ይልቅ ከኋላ ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ ማጥናት ይኖርበታል፤ ሞተሩ ሳይፈታ የውስጡን ሁኔታ ከሚያሳውቁ ጥቂት ምልክቶች ዋነኛው ጭሱ ነውና።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ደንብ አጭር ነው፦ ነጭ ከሆነ ውኃ፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ። ደንቡ ስሕተት የለበትም፣ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። ነጭ ጭስ ምንም ችግር ከሌለበት ሞተርም ሊወጣ ይችላል፣ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ከተሰነጠቀ ሞተርም ሊወጣ ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ውስጥ ያሉ ጥቂት ትናንሽ የዘይት መከላከያ ጎማዎችን በመቀየር ሊጠፋ ይችላል፣ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አውርዶ ማደስንም ሊጠይቅ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው የወጪ ልዩነት የመኪናውን ዋጋ የሚያናጋ ስለሆነ፣ ቀለሙን ለይቶ መቆም አይበቃም። ጭሱ መቼ ይወጣል፣ ምን ሲደረግ ይብሳል፣ የት ከፍታ ላይ ታየ የሚሉት ጥያቄዎች ከቀለሙ እኩል፣ እንዲያውም በእኔ እምነት ከቀለሙ በላይ ይመዝናሉ።

የከፍታው ጉዳይ በተለይ ለሰሜን ሸዋ ሰው የዋዛ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሸዋሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 87 በመቶ ያህል ይደርሳል። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን በመሆኑ፣ ያው መኪና፣ ያው ነዳጅ፣ ያው ሾፌር ሆኖ እንኳ በሁለቱ ከተሞች ሞተሩ የሚያገኘው አየር እኩል አይደለም። ስለዚህ ሜዳ አገር ላለ ሞተር የተጻፈ ምክር እንዳለ ተወስዶ ደብረ ብርሃን ላይ ቢሠራበት ደኅናውን ሞተር ታማሚ፣ ታማሚውንም ደኅና ሊያስመስል ይችላል።

ከነጩ ልጀምር፤ በዚህ አካባቢ ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስተው እሱ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። ይህ የቃጠሎው ተፈጥሯዊ ውጤት እንጂ ብልሽት አይደለም። እንፋሎቱ በሞቃት ቀን በዓይን ሳይታይ ይበተናል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት የደብረ ብርሃን ማለዳ ግን ከማርሚታው እንደወጣ ቀዝቅዞ ወፍራም ነጭ ደመና ይሆናል፣ ከጭስ ማውጫው ጫፍም ውኃ ይንጠባጠባል። ሻጩ ወይም ደላላው «ጋሼ፣ የብርድ ነው፤ ሲሞቅ ይጠፋል» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። እውነት መሆኑ የሚታወቀው ግን በመጠበቅ ነው። የእንፋሎት ደመና ከማርሚታው ጥቂት ሜትሮች እንደራቀ ይጠፋል፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ሞተሩና የጭስ ማውጫው ቧንቧ በደንብ ከሞቁ በኋላም ይሳሳል። ሩብ ሰዓት ያህል ተነድቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ የሙቀት መለኪያው መሐል ላይ ከቆመ በኋላም ነጩ ጭስ ካልተወና በአየር ላይ ተንሳፍፎ የሚቆይ ከሆነ፣ የብርድ ነው የሚለው ምክንያት አብቅቷል።

ያን ጊዜ የሚጠረጠረው ከራዲያተሩ የሚዞረው ውኃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ መትነኑ ነው። ሲሊንደሮቹ የሚገኙበትን የሞተሩን ግንድ ከላይ ከሚከድነው ቴስታታ ጋር የሚያጋጥመውና ሁለቱ መካከል የሚተኛው ጋርኒሲዮን ሲቃጠል፣ ወይም ቴስታታው ራሱ በሙቀት ሲጣመም ወይም ሲሰነጠቅ፣ ለየብቻ መጓዝ የነበረባቸው ውኃ፣ ዘይትና የቃጠሎ ግፊት መንገዳቸው ይገናኛል። በመጽሐፍ የሚነገረው ምልክት ጭሱ ጣፋጭነት ያለው ሽታ ይኖረዋል የሚል ነው። ያ ሽታ የሚመጣው ግን ለራዲያተር ተብሎ ከሚዘጋጀው ፈሳሽ ነው። እኛ አገር በብዙ አሮጌ መኪኖች ራዲያተር ውስጥ ያለው የቧንቧ ወይም የምንጭ ውኃ ስለሆነ፣ ሽታ አለመኖሩ ሞተሩን ነፃ አያወጣውም። ይልቅ የራዲያተሩን ውኃ መጠን ማታና ጠዋት ማስተያየት፣ መሬት ላይ ፍሳሽ ሳይታይ ውኃው የሚጎድል ከሆነም ወዴት እንደሄደ መጠየቅ የተሻለ መንገድ ነው።

ሌላው ማስረጃ በእጅ የሚገኝ ነው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩ ክዳን ይከፈት፣ ውኃው እስከ አፉ ይሞላ፣ ከዚያ ሞተሩ ይነሣና አንድ ሰው ነዳጅ ቀስ ብሎ ይስጥ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት የአየር አረፋ ብቅ ማለቱ ያለ ነው። አረፋው ግን ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥርም ከበዛ፣ ወይም ውኃው ከአፉ እየገነፈለ ከፈሰሰ፣ ከሲሊንደሩ የሚያመልጥ ግፊት ወደ ውኃው መንገድ እየገባ ነው ማለት ነው። በዚህ ምርመራ ላይ ጥንቃቄ የግድ ነው፦ ክዳኑ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ፈጽሞ መከፈት የለበትም። በደብረ ብርሃን ከፍታ ክፍት ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ግፊቱን ይዞ የቆየው ክዳን በተከፈተባት ቅጽበት ውኃው ፈልቶ ፊትና እጅን ይገርፋል።

ስለ ክዳኑ ከተነሣ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም፤ በዚህ አካባቢ ሞተሮች ለሚያጋጥማቸው ጉዳት የዚህች ትንሽ ዕቃ ድርሻ ከሚገመተው በላይ ነውና። የብዙ ሞተሮች መደበኛ የሥራ ሙቀት ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ነው። በ0.9 ባር ግፊት የሚሠራ ደኅና ክዳን ሲኖር በደብረ ብርሃን ከፍታ የራዲያተሩ ውኃ እስከ 113 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ግፊት መያዝ ሲያቅተው ግን የውኃው መፍያ ወደ 91 ዲግሪ ይወርዳል፣ ይህም ከሞተሩ የዘወትር የሥራ ሙቀት ጋር እኩል ነው። ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የክዳኑ መድከም ጥቂት ችግር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከሸዋሮቢት ሙቀት ተነሥቶ በአንድ ትንፋሽ ከ1,700 ሜትር በላይ ወደ ጣርማበር ለሚወጣ መኪና ግን ውኃው መንገድ ላይ እንዲፈላ፣ ቴስታታውም እንዲጣመም የሚያደርግ ነው። ስለዚህ መኪናው ከዚህ በፊት «ውኃ አፍልቶ» ያውቅ እንደሆነ ሻጩን መጠየቅ፣ ክዳኑንና የራዲያተሩን የውስጥ ዝገት ማየት፣ ጭሱን ከማየት ያላነሰ ይጠቅማል።

የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ሥሩን መመልከት የተለመደ ምርመራ ነው። ውኃ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ማኪያቶ የመሰለ ቀለም ያለው ወፍራም ቅባት ይሠራል። ሆኖም በብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና፣ ለምሳሌ ከደብረ ብርሃኑ ጠባሴ ሰፈር እስከ መሐል ከተማ ተመላልሶ የሚያድር፣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ በክዳኑ ሥር ቀጭን ክሬም መሳይ ነገር ሊይዝ ይችላል፤ ይህ ከእርጥበት የመጣ እንጂ የጋርኒሲዮን መቃጠል አይደለም። መለያው የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ሆኖ ክሬሙ ክዳኑ ላይ ብቻ ከታየ ብዙ መደንገጥ አያስፈልግም። ዘንጉም ላይ ያው የተቀላቀለ ቀለም ካለ ግን፣ ሻጩ ምንም ያህል ዋጋ ቢቀንስ፣ ያን መኪና መተው ይሻላል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ ውኃ የጠጣ ዘይት ውስጥ የሠራ ሞተር ብሮንዚኒው፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት መቀመጫ፣ ምን ያህል እንደተበላ ከውጭ ማወቅ አይቻልም።

በናፍጣ መኪና ላይ ነጭ ጭስ ሌላም ትርጉም አለው። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በካንዴላ ብልጭታ ሳይሆን ታምቆ በጋለ አየር ሙቀት ነው። በብርድ ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛም ስስም ስለሚሆን ከታመቀም በኋላ በሚፈለገው መጠን አይግልም፤ በዚህ ጊዜ የተረጨው ናፍጣ በከፊል ሳይቃጠል በነጭ ወይም ግራጫ ጭስ መልክ ይወጣል። ይህን ከውኃ እንፋሎት የሚለየው ሽታው ነው፦ ጥሬ ናፍጣ ይሸታል፣ ዓይንንም ያቃጥላል። ከተነሣ በኋላ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ የሲሊንደር ማሞቂያዎቹ መድከማቸውን ሊያመለክት ይችላል፣ እነሱን መቀየርም ከባድ ሥራ አይደለም። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የሚቀጥል ከሆነ ግን የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ነዳጅ መርጫ)፣ ጊዜውን ያልጠበቀ የናፍጣ ፖምፓ፣ ወይም የተዳከመ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) አለ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ከሁሉ የከፋው ነው።

ወደ ሰማያዊው ስንመጣ፣ የሞተር ዘይት መቃጠል የማይገባው ቦታ ገብቶ እየተቃጠለ መሆኑ አያጠያይቅም። የሚያጠያይቀው በየት በኩል እንደገባ ነው። ዋነኞቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከላይ ነው፦ በቴስታታው ውስጥ ያሉት ቫልቮች ዘንጋቸው ላይ የተሰካች፣ ዘይት ወደ ታች እንዳያልፍ የምትከለክል ትንሽ ጎማ አለቻቸው፤ ይህች ጎማ በዕድሜና በሙቀት ስትደርቅ ዘይት በቫልቩ ዘንግ በኩል እየተንጠባጠበ ይገባል። ሁለተኛው ከታች ነው፦ ፒስተኑን የሚያቅፉት ቀለበቶች፣ በጋራዥ ቋንቋ ፋሻዎቹ፣ ሲበሉ ወይም በጥቀርሻ ተጣብቀው መለጠጥ ሲያቅታቸው፣ ከታች የሚረጨው ዘይት በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ሽቅብ ያልፋል። የመጀመሪያው ቴስታታውን ብቻ በማውረድ፣ በአንዳንድ ሞተሮችም ሳይወርድ ሊጠገን የሚችል ነው፤ ሁለተኛው ሞተሩን አውርዶ መፍታትን፣ ሲሊንደሮቹም ተበልተው ከሆነ በማሽን ማስሞረድን ይጠይቃል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ስለዚህ የድርድሩ ሁሉ መሠረት ነው።

የቫልቭ ጎማ ችግር ያለበት ሞተር ሌሊቱን ሲያድር ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጠራቀምና ጠዋት ሲነሣ አንድ ጊዜ ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ጭስ ይለቃል፣ ከዚያም በጥቂት ሴኮንዶች ይጠራል። ፋሻው የተበላ ሞተር ግን ጭሱን የሚያወጣው ሲጫን ነው፤ ዳገት ሲወጣ፣ ጭነት ሲበዛበት፣ ነዳጅ በሚገባ ሲረገጥ ሰማያዊ መጋረጃ ከኋላው ይጎትታል። የዘይት መሙያ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ከቀዳዳው በግፊት እየተቆራረጠ የሚወጣ ጭስ ካለ፣ ከሲሊንደር ወደ ታች የሚያመልጠው ግፊት ብዙ ነው፣ ጥርጣሬውም ይጠነክራል።

ለዚህ ምርመራ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ የሚያህል አላውቅም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን ዋሻ አልፈው ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ የቤንዚን መኪና በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሆኖ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘ እንዲወርድ ይደረግ። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ በሞተሩ ውስጥ ጠንካራ የመምጠጥ ኃይል ይፈጠራል፤ ይህ ኃይል በደከሙት የቫልቭ ጎማዎች በኩል ዘይት እየሳበ ያስገባል። አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር እንደዚያ ከተወረደ በኋላ፣ መንገዱ ቀና ባለበትና ከኋላ መኪና በሌለበት ቦታ ነዳጅ ሲረገጥ፣ በኋላ መመልከቻ መስታወት ውስጥ ሰማያዊ ደመና ተንከባሎ ከታየ፣ ዘይቱ ከላይ በቫልቭ በኩል እየገባ መሆኑን የሚናገር ነው። በመልስ ጉዞ ዳገቱን ሲወጣ ጭሱ ካልታየ ደግሞ ፋሻዎቹ ገና ደኅና መሆናቸውን ይበልጥ ማመን ይቻላል። አብዛኛው የናፍጣ ሞተር የአየር መግቢያው እንዲህ ስለማይዘጋ ይህ የቁልቁለት ፈተና ለእሱ እምብዛም አያገለግልም። ዋሻው አካባቢ ጉም በወረደበት ሰዓትም ጭስን ከጉም መለየት ስለማይቻል ሰማዩ ጥርት ያለበትን ጊዜ መምረጥ ይገባል።

ቱርቦ፣ ማለትም አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ ባለው መኪና ዘይት የሚገባበት ሦስተኛ በር አለ። የቱርቦው ዘንግ መቀመጫ ሲበላ ዘይት ወደ አየር መግቢያው ወይም ወደ ጭስ ማውጫው ያልፋል፤ ይህ ሞተሩ በሚኒሞ ረጅም ጊዜ ቆሞ ድንገት ነዳጅ ሲሰጠው በሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ይታወቃል። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ፈትቶ ውስጡን በጣት መንካት በቂ ነው፤ ስስ የዘይት እርጥበት የተለመደ ሲሆን፣ ጣትን የሚያጠልቅ ዘይት ተጠራቅሞ ከተገኘ ግን ቱርቦው ችግር አለበት። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ቀላሉ ምክንያት ሊረሳ አይገባም፦ ዘይቱ ከመጠን በላይ ተሞልቶ ከሆነ፣ ወይም የሞተሩን የውስጥ ትንፋሽ መልሳ የምታስገባው ትንሽ ቫልቭ ተደፍና ከሆነ፣ ደኅና ሞተርም ዘይት ሊያቃጥል ይችላል።

ጥቁር ጭስ ሲታይ ሰው በጣም ይደነግጣል፣ በእኔ ግምት ግን ከሦስቱ ቀለሞች ለገዢ ኪስ የሚራራው እሱ ነው። ነዳጁ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፣ ትርጉሙ ይኸው ነው። በመንዝና በመርሐ ቤቴ ጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና የአየር ፊልትሮው በአቧራ ታፍኖ ጥቁር ማጨሱ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ፊልትሮውን አውጥቶ ወደ ብርሃን አቅንቶ ማየት ጥያቄውን በአንድ ጊዜ ይመልሳል። በቤንዚን መኪና የሚያፈስ ኢንጀክተር ወይም የተበላሸ ሴንሰር ያመጣዋል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ምልክት መብራት ቁልፉ ሲከፈት በርቶ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቁልፍ ሲከፈትም ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ቱርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሃይሉክስ ወይም አይሱዙ ጣርማበርን ሲወጣ ጥቁር ማጨሱ ግን ብዙ ጊዜ የከፍታው ጉዳይ ነው። ያለ ኤሌክትሮኒክስ በሜካኒካል መንገድ የሚሠራው የናፍጣ ፖምፓ ከፍታውን ሳያገናዝብ ያንኑ መጠን ናፍጣ ይረጫል፤ አየሩ ግን እየሳሳ ሄዷል፣ ስለዚህ ትርፉ ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ያው መኪና ሸዋሮቢት ሲደርስ ጭሱ ከቀነሰ ሞተሩ ላይ መፍረድ አይገባም፤ ፖምፓውን የሚያስተካክል ባለሙያ የናፍጣውን መጠን ለደጋው እንዲመጥን ሊያደርገው ይችላል። ሸዋሮቢት ሜዳ ላይም በጥቁሩ የሚያጨስ ከሆነ ግን ለጉልበት ሲባል ፖምፓው ያለ ልክ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ተደርጎ ለዓመታት ከባድ ጭነት ሲጎትት የኖረ ሞተር በሙቀት ብዛት ፒስተኑና ቴስታታው ሊጎዱ ስለሚችሉ ምርመራው ወደ ኮምፕሬሽን መሄድ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ጭስን እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር አምጪ ብሎ መመደቡን ላስታውስና፣ እንዲህ ያለ መኪና ገዝቶ ሳያስጠግን በዋሻው ውስጥ ማለፍ ከኋላ በሚመጣው ሰው ሳንባ ላይ የሚደረግ በደል ነው እላለሁ።

ቀለሙ አሻሚ በሆነ ጊዜ ነጭ ወረቀት ይረዳል። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ወረቀቱ ከማርሚታው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ለአንድ ደቂቃ ይያዝ። የውኃ እንፋሎት ያረጥበውና ሲደርቅ ምንም አይተውም፤ ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል፣ ሲነካም ጣትን ያጠቁራል፤ ዘይት ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ቅባታማ ነጠብጣብ ትቶ አይደርቅም። በቤንዚን መኪና ካንዴላዎቹን አውጥቶ ማየትም እንዲሁ ነው። በዘይት የራሰ ጥቁር፣ ደረቅ ጥላሸት፣ ወይም ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የነጣ አንድ ካንዴላ እያንዳንዱ የየራሱን ሲሊንደር ታሪክ ይናገራል። የነጣው አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሚገባበት ሲሊንደር ነው።

የሻጭ ወገን ጭስን ለመደበቅ የሚጠቀምባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ገዢ ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አሙቆ መጠበቅ፣ ከሚገባው በላይ ወፍራም ዘይት ወይም ማወፈሪያ መጨመር፣ ሞተሩን በውኃ አጥቦ የፍሳሹን ዱካ ማጥፋት ዋነኞቹ ናቸው። የመጀመሪያውን የሚያከሽፈው ቀጠሮን ማለዳ ማድረግና እንደደረሱ ሰላምታ ተሰጣጥቶ እጅን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ነው። ሞቆ ከተገኘ «ወንድሜ፣ ነገ ሳታስነሣው እንገናኝ» ማለት ነውር የለበትም፤ ምንም የሚደብቀው ነገር የሌለው ሻጭም ቅር አይለውም። የወፈረ ዘይት ደግሞ ሲሞቅ ስለሚቀጥን፣ መኪናው ከግማሽ ሰዓት በላይ ከተነዳ በኋላ የጠዋቱ ንጹሕ ጭስ መለወጥ አለመለወጡ ይታያል። ሞተር እየተነሣ በሚመረመርበት ጊዜ ግን ብርድን ሸሽቶ በተዘጋ ጋራዥ ወይም መጋዘን ውስጥ መሥራት አይገባም፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ሆኖ ሰውን በፍጥነት የሚገድል ነው።

ጥርጣሬው ሳይጠፋ ከቀረ ወይም ከጠነከረ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የኮምፕሬሽን መለኪያ ነው። ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ መለኪያው በየሲሊንደሩ እየተሰካ ሞተሩ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ይዞራል። እዚህ ላይ ከፍታው እንደገና ይመጣል። የፋብሪካው መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አየር ስለሆነ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደኅና ሞተርም ከዚያ በሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ይህን ያላሰበ መካኒክ ጤነኛውን ሞተር አልቋል ሊል ይችላል። ስለዚህ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ይሻላል፤ አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ መልካም ነው፣ አንዱ ከሌሎቹ በጉልህ ካነሰ ችግሩ እዚያ ነው። ባነሰው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ምክንያቱን ይለያል፦ ቁጥሩ ከፍ ካለ ዘይቱ የተበላውን ፋሻ ለጊዜው ደፍኖታል ማለት ነው፤ ምንም ካልተለወጠ ግፊቱ የሚያመልጠው በቫልቭ ወይም በጋርኒሲዮን በኩል ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች እኩል ዝቅ ካሉ በመካከላቸው ያለው ጋርኒሲዮን መበላቱን መጠርጠር ይገባል። በናፍጣ መኪና መለኪያውም ግፊቱም የተለየ ስለሆነ ሥራውን ለናፍጣ ባለሙያ መስጠት ይሻላል።

በእኔ ዓይን እንግዲህ የሚገዛና የማይገዛ መኪና የሚለየው በዚህ መልኩ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ ሰማያዊ ጭሶ የሚጠራ፣ ኮምፕሬሽኑ እኩል የሆነ መኪና የጥገናው ወጪ ከዋጋው ተቀንሶ ሊገዛ ይችላል። በደጋ ብቻ በጥቁር የሚያጨስ ናፍጣም እንዲሁ። በዳገት በሰማያዊ የሚያጨስን መኪና የሚገዛ ሰው ሙሉ የሞተር እድሳት ዋጋን አስቀድሞ ጠይቆ፣ ከዋጋው አስቀንሶ፣ ገንዘቡንም ለብቻ አስቀምጦ መሆን አለበት። ሞቆም ነጭ ጭስ የማይተወውን፣ ውኃ የሚጎድልበትን መኪና ግን፣ ቴስታታው ተፈትቶ ካልታየ በስተቀር፣ ማንም ቢለምነኝ ግዛው አልልም።

ዘይት የሚቀንስ ሆኖ ጭሱ በዓይን የማይታይ መኪና ተገዝቶ ከተገባ፣ ምን ያህል እንደሚያቃጥል መለካት ቀላል ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ አሥር ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላ፣ የኪሎ ሜትር ቁጥሩም ይጻፍ። 1,000 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ቆሞ ዘይቱ እንደገና ወደ ላይኛው ምልክት እስኪመለስ በሚለካ ዕቃ ይጨመር፤ የተጨመረው መጠን የተቃጠለው ወይም የፈሰሰው ነው። ቶዮታ ለብዙ ሞተሮቹ በመመሪያ መጽሐፎቹ የሚያስቀምጠው ከፍተኛ ልክ በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ነው። ከዚያ በታች እስከሆነ ድረስ መለኪያውን በየሳምንቱ እያዩ መንዳት ይቻላል፤ ልኩ እየጨመረ ከሄደ ወይም አንድ ሊትሩን ካለፈ፣ ዘይት አልቆ ብሮንዚኒው ሳይያዝ በፊት ሞተሩ መፈታት አለበት።